የባቲ ገበያ እና ሁለት ቢላዎች

እሑድ። ከላምበረት መናኸሪያ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ተነሣን። የጥር ብርድ ደብረ ብርሃን ላይ አጥንት ድረስ ገባ፤ ጣሊያን የቆፈረውን የጣርማ በር ዋሻ አልፈን ቁልቁለቱን እስክንጨርስ ማንም ጋቢውን አላወረደም። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ገዛን፣ ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ጃኬት ወለቀ፣ ከሚሴ ላይ መስኮቱ ሁሉ ተከፈተ። መንገዱ ላይ ፍተሻ ስላለ ቢላዬን ከነአፎቱ በጨርቅ ጠቅልዬ ሻንጣ ውስጥ አድርጌ ጣራ ላይ አስጭኜዋለሁ፣ ለረዳቱም አስቀድሜ ነግሬዋለሁ። አዲስ አበባ እና ኮምቦልቻን የሚለያያቸው 376 ኪሎ ሜትር ነው፤ የገባነው ከቀኑ 9 ሰዓት አልፎ ነበር።

ቢላው ስዊድን የሚኖር የአጎቴ ልጅ ያመጣልኝ ነው። ሞራ በምትባል ከተማ አጠገብ፣ ገበሬዎች ከጥንት ጀምሮ ቢላ ሲሠሩ በኖሩበት አገር የተሠራ ነው፤ ፋብሪካው የተቋቋመው በ1891 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። እንደ ሴንጢ አይታጠፍም። ስለቱ 10 ሴንቲ ሜትር ከትንሽ፣ ውፍረቱ 2.5 ሚሊ ሜትር፣ ብረቱ የማይዝግ፣ እጀታው ጎማ ለበስ። አዳኞችና ጫካ የሚያድሩ ሰዎች ይወዱታል ይላሉ። እኛ ዘንድ ያለ ፈቃድ ማደን ክልክል ስለሆነ የቢላን ጠባይ ማየት ለፈለገ ሰው የቀረው ፍየልና እንጨት ነው፤ ለዚያ ደግሞ የወዳጄ አማች ባቲ ዳር ቤት አለው።

ሰኞ። የባቲ ገበያ ቀን ነው። ከኮምቦልቻ 41 ኪሎ ሜትር ሲሆን ሚኒባሱ 150 ብር አስከፈለን፤ መንገዱ እየወረደ ይሄዳል፣ አየሩም ከኩርባ ኩርባ ይሞቃል። ቁርስ ፉል በዳቦ በላን። ገበያው ከደጋ የመጣውን ጤፍና ሽንኩርት ከቆላ ከወጣው ግመልና ፍየል ጋር ያገናኛል፤ አማርኛው፣ ኦሮምኛው፣ አፋርኛው በአንድ ትንፋሽ ይሰማል። አቧራው ጉሮሮ ይይዛል። የግመሎቹን ሽታ ግን ወደድኩት።

ባለእጁን ያገኘሁት ከገበያው ጥግ፣ በጆንያ በተጋረደ ጨለማ ዳስ ውስጥ ነው። ሽማግሌ ናቸው። «አባባ፣ በዚህ ሙቀት ለምን ብርሃኑንም ነፋሱንም ዘጉት?» አልኳቸው። «ልጄ፣ ፀሐይ ላይ ብረት መጋሉን አታውቅም፤ ቀለሙ ይዋሻል» አሉኝ። ልጃቸው ወናፉን ይነፋል፣ እሳቸው የመኪና ባሌስትራ ቁራጭ በጉጠት ይዘው ከሰሉ ውስጥ ያገላብጣሉ። ብረቱ ጠቆር ያለ ቀይ ሆነ፣ ቀጥሎ ደማቅ፣ ቀጥሎ ብርቱካን መሰለ፤ ያን ጊዜ መስፉ ላይ አውጥተው በመዶሻ ይወርዱበታል፣ ደማቁ ቀለም ሲሸሽ ወዲያው ወደ እሳቱ። ቅርጹ ሲያልቅ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ውስጥ የነከሩት ስለቱን ብቻ ነው፤ ጀርባው ከዘይቱ በላይ ቀረ። ስለቱ እንዲጠነክር፣ ጀርባው ግን ምት ችሎ እንዳይሰበር ነው አሉ። ከዚያ በአሸዋ አጽድተው እንደገና እሳት ዳር አስጠጉትና የስለቱ ቀለም ገለባ ሲመስል አወጡት። ያቺን ቅጽበት እንዴት እንደሚለዩዋት ደጋግሜ ባይም አልገባኝም፤ ለእኔ ገለባው መጣ ከማለቴ በፊት ያልፋል።

መሀል ላይ አንድ አፋር እጀታው የላላ ጊሌ ሊያስጠብቅ መጣ። ሁለቱ ረጅም ሰላምታ ተለዋወጡ፣ ከሰላምታውም ወደ ዳጉ ገቡ፤ የመንገዱን፣ የዝናቡን፣ የከብቱን ወሬ መሆኑን ልጁ ነገረኝ እንጂ አንድ ቃል አልያዝኩም። ጊሌው ጎበጥ ያለ፣ በሁለቱም በኩል ስል፣ መሀሉን ከፍ ያለ መስመር የሚከፍለው ነው። ያምራል፣ ግን ለገፈፋ አልመኘውም፤ ቆዳ ሲገፈፍ አውራ ጣት ጀርባው ላይ ማረፍ አለበት፣ ጊሌ ደግሞ ጀርባ የለውም። የእኔ ዓይን ያረፈው ወይራ እጀታ ያለው የባሌስትራ ቢላ ላይ ነው፤ 700 ብር አሉ፣ በ600 ተስማማን። «አብሽር፣ ይሄ አያሳፍርህም» ብለው ሰጡኝ።

ማክሰኞ። በወዳጄ አማች ቤት ፍየል የታረደው ማለዳ ነው። ባለቤቱ ቢስሚላህ ብሎ በራሱ ካራ አረደ፣ ከዚያ የግራር ቅርንጫፍ ላይ ሰቅለን ግማሹን በስዊድኑ፣ ግማሹን በባቲው ገፈፍኩ። ልዩነቱ ወዲያው እጅ ላይ ይታወቃል። የስዊድኑ ቀጭን ስለሆነ በቆዳውና በሥጋው መካከል ራሱ መንገዱን ያገኛል፣ እጅ አይደክምም፤ ስብ እጄን ሲቀባው እንኳ ጎማው አልተንሸራተተም። የባቲው ጀርባው 5 ሚሊ ሜትር ይሆናል፣ ስለቱም ቶሎ ስለሚወፍር ሁለት ቦታ ቆዳውን ቀደደብኝ፤ የተወለወለው ወይራም ከስቡ ጋር ማምለጥ ጀመረና እጀታውን አመድ አሸሁት። የእግር አንጓ ላይ ሲደርስ ግን ተራው የባቲው ሆነ። ጫፉን መጋጠሚያው ውስጥ አስገብቼ ጠምዘዝ ሳደርገው ምንም አልመሰለው፤ በስዊድኑ ይህን ለማድረግ አልደፈርኩም፣ ብረቱ እጀታው መጨረሻ ድረስ አይዘልቅምና።

ለጥብሱ እንጨት ሲያስፈልግ የግራር ጉማጅ አቁመን ቢላውን በላዩ አድርገን ጀርባውን በዱላ መታን። የባቲው በጥቂት ምት ሰነጠቀው። የስዊድኑ ቀጭኑን ሰነጠቀ፣ ወፍራሙ ላይ ተቀርቅሮ ቀረና በሁለተኛ እንጨት አስለቀቅነው። እሳት መለኮሻ ቅርፍት ሲላግበት ደግሞ እንደ ወረቀት የሳሳ ሽርፍራፊ ያወጣል፤ የባቲው ያወጣው ወፍራም ቁራጭ ነበር፣ እሳትም ቶሎ አልያዘለትም።

ዙሁር ሰግደን ጥብሱን በእንጀራ ከበላን በኋላ ሁለቱንም አየኋቸው። የስዊድኑ ወረቀት ይቆርጥ ነበር። የባቲው ደንዝዞ ነበር፣ የሎሚ ጭማቂ የነካውም ቦታ ጠቁሯል። ባለቤቱ ከደረቁ ወንዝ ለስላሳ ድንጋይ አንሥቶ ውሃ ጠብ አደረገበትና ጥቂት ጊዜ ወዲያ ወዲህ ሲለው የክንዱን ፀጉር ላጨበት። ለእኔ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከቤት ርቆ የሚያድር ሰው ስለቱ ረጅም ጊዜ የሚቆይ ቢላ ቢኖረው ጥሩ ነው፣ በየትኛውም ድንጋይ የሚመለስ ቢሆን ግን ይበልጥ እመርጣለሁ። የማይዝገውንም በዚያው ድንጋይ ሞከርነው፤ ተሳለ፣ ግን በዝግታ።

ስለዚህ ወደ መናኸሪያው ከመሄዴ በፊት ባለእጁ ዳስ ጎራ አልኩ። የስዊድኑን ሰጠኋቸው፤ ስለቱን በጥፍራቸው ዳሰሱ፣ ጀርባውን ወደ ብርሃን አዙረው አዩ፣ እጀታውን ጨብጠው ለቀቁ። «ስስ ነው፤ ለሥጋ ልክ ነው፣ ለዱላ አይሆንም» አሉ። ውፍረቱ በሁለቱ መካከል የሆነ፣ ብረቱ እጀታው መጨረሻ ድረስ የሚዘልቅ፣ ጀርባው አውራ ጣት የሚያስቀምጥ እንዲሠሩልኝ ጠየቅኳቸው፣ እጀታውም ሳይወለወል ሻካራ ሆኖ እንዲቀር። ካጠራቀሙት ባሌስትራ መካከል ስስ ቅጠል መረጡ፣ በመዶሻ መታ አድርገው ድምፁን ሰሙና ጣሉት፣ ሌላ አነሡ፣ ያንን ለብቻው አስቀመጡ። ቀብድ 200 ብር ከፈልኩ። የወዳጄ አማች በሚመጣው ሰኞ ተቀብሎ በኮምቦልቻ መኪና ሊልክልኝ ተስማማን።