የአምስት ሪያል ማዕድ

በሪያድ ከተማ በስተ ደቡብ በኩል መንፉሓ የሚባል ሰፈር አለ። ጥንት የዘንባባ አትክልት የከበበው፣ ለብቻው የሚኖር መንደር ነበረ፤ ስመ ጥሩው የዐረብ ባለቅኔ አል-አዕሻም የዚያ ሰው እንደ ነበረ የዐረብ ሊቃውንት ይተርካሉ። ከተማይቱ በነዳጅ ሀብት እየሰፋች ስትሄድ ግን መንደሩን በውስጧ አስገባችው፤ የሀገሩ ተወላጆችም ሰፊ ጎዳናና አዲስ ቤት ወዳለበት ወደ ሰሜን እየለቀቁ ሲሄዱ፣ ጠባቡን መተላለፊያና አሮጌውን ቤት፣ ኪራዩ ርካሽ ነውና፣ ከልዩ ልዩ አህጉር ለሥራ የመጣው ስደተኛ ወረሰው። ከስደተኛውም መካከል የሀገራችን ሰው እጅግ የበዛ ስለ ነበረ፣ መንፉሓ ሲጠራ ሐበሻ ይታሰብ ነበር። በጥቅምት ወር መጨረሻ 2006 ዓ.ም. የሳዑዲ መንግሥት የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸውን ማሠር በጀመረ ጊዜ በዚሁ ሰፈር ሁከት ተነሥቶ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ በተከታዮቹ ወራትም ከ160,000 የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ወደ ሀገራቸው ተመለሱ። ዳሩ ግን ሁሉ አልሄደም፤ የሄደውም ቢሆን ገሚሱ በሌላ መንገድ ተመልሶ መጣ።

እኔም በዚህ ሰፈር ኖሬ ካየሁት ከብዙው ነገር መርጬ ስለ ዓርብ ማታ ድስታችን ልጽፍ የተነሣሁት፣ የስደተኛ ሥራውና ደመወዙ፣ መከራውም ጭምር ብዙ ጊዜ ሲነገር፣ ማታ ማታ ምን እንደሚበላና ከማን ጋር እንደሚበላ ግን የሚጠይቅ እምብዛም ስላላየሁ ነው። ደግሞም ድህነት አስገድዶን የመረጥነው ወጥ፣ የሁላችንን ኪስና የሁላችንን ሃይማኖት ባንድ ጊዜ ያስታረቀ ሆኖ ስላገኘሁት፣ ይህን ሳልናገር ማለፍ ውለታ መርሳት መስሎ ታየኝ።

አስቀድሞ ስለ ኪሳችን ልናገር። በ2017 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር የሳዑዲ መንግሥት በውጭ ሀገር ሠራተኛ ቤተ ሰብ ላይ፣ ለእያንዳንዱ ነፍስ በወር 100 ሪያል የሚከፈል ግብር ጣለ፤ ይህም በየዓመቱ እየጨመረ በ2020 400 ሪያል ደረሰ። በዚያው በ2020 በሐምሌ ወር፣ በሚሸጥ በሚገዛው ላይ ከመቶ 5 የነበረው የተጨማሪ እሴት ታክስ ከመቶ 15 ሆነ። ስለዚህ ሚስቱንና ልጆቹን አምጥቶ ይኖር የነበረው ሰው ቤተ ሰቡን ወደ ሀገር ቤት እየሸኘ፣ እርሱ ራሱ እንደ ተማሪ ከአምስትና ከስድስት ወንድ ጋር ባንድ ክፍል ማደር ያዘ። ከደመወዙ ላይ ኪራዩ፣ ኢቃማ የሚባለው የመኖሪያ ፈቃድ ማሳደሻ፣ ለእናት ለአባት የሚላከው ገንዘብ ሲቀነስ፣ ለሆድ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ግማሽ ዶሮ የተጫነበት የሩዝ ካብሳ በምግብ ቤት ከ15 ሪያል አያንስም፤ ይህን ዕለት ዕለት የሚበላ ሠራተኛ ወደ ሀገሩ የሚልከው አይኖረውም። ከአፍጋን ጋጋሪዎች ምድጃ በትኩሱ የሚወጣው ታሚስ የተባለው ሰፊ ቂጣና ፉል ግን በጥቂት ሪያል ይገኛልና ብዙዎቻችን በዚያ እንኖራለን። ሆኖም እርሱ ቆሞ፣ በችኮላ፣ በየራስ የሚበላ ነው፤ ሆድን ይሞላል እንጂ ሰውን አይሰበስብም።

የመሰብሰቢያው ቀን ዓርብ ነው። ዓርብ የሀገሩ ሁሉ የዕረፍት ቀን ስለ ሆነ፣ ሱቅ ጠባቂውም ሹፌሩም የሚያርፈው ያን ዕለት ነው፤ በሰው ቤት የሚያገለግሉት እኅቶቻችንም፣ አሠሪያቸው ደግ ከሆነ፣ ጥቂት ሰዓት የሚፈቀድላቸው በዓርብ ነው። ሁሉም አምስት አምስት ሪያል ያዋጣል፤ አሥር ሰው ሲሆን አምሳ ሪያል መሆኑ ነው። ገንዘቡን የሚይዘው እንደ እቁብ ዳኛ ተመርጦ ነው፤ ሥራ ያጣ ወይም ከአሠሪው ተጣልቶ የወጣ ሰው ከመዋጮው ነጻ ነው። እርሱ በፈንታው ሽንኩርት ይከትፋል፣ ዕቃ ያጥባል፤ ይህም የተደነገገው ማንም ሰው በነጻ በላሁ ብሎ አንገቱን እንዳይደፋ ነው።

ገበያው በዋዜማው፣ ሐሙስ ማታ ይፈጸማል። ከመንፉሓ ብዙ በማይርቀው በዑተይቃ የአትክልት ገበያ በኪሎ ሳይሆን በጆንያና በካርቶን የገዛ ሰው ይጠቀማል፤ ይልቁንም ነጋዴው ዕቃውን ሊያነሣ ሲሰናዳ የደረሰ ሰው፣ ጥቂት የለዘበ ቲማቲምና ቆዳው የተላጠ ሽንኩርት በግማሽ ዋጋ ያገኛል። ለወጥ የሚሆን ሽንኩርት መልኩ ቢበላሽ ምን ይጎዳል? ምስር ክኩ በቃላ ከሚባለው ከሰፈሩ ትንሽ ሱቅ ይገዛል፤ ምስርን ወደ ውጭ በመላክ የዓለም ቀዳሚዋ ካናዳ ስለ ሆነች፣ የምንበላው ምስር ምናልባት ከኛ ይልቅ ብዙ ባሕር የተሻገረ ነው። በርበሬው ግን የሚገዛ አይደለም። ለፈቃድ ወደ ሀገር ቤት የሄደ ሰው ሲመለስ በሻንጣው ይዞት ይመጣል፤ አንዱ የጎጃም፣ አንዱ የወሎ፣ አንዱ የአዲስ አበባ እናት የደለዘችው እየሆነ፣ ዛሬ የማን እናት በርበሬ ነው እየተባለ ይበላል።

ስለ እንጀራው ጥቂት ማብራራት ይገባል። መንግሥታችን የጤፍ እህል ወደ ውጭ እንዳይወጣ በ1998 ዓ.ም. ስለ ከለከለ፣ ኋላም ክልከላው በጥቂቱ ብቻ ስለ ላላ፣ እዚህ የሚደርሰው ጤፍ ጥቂት፣ ዋጋውም ለሠራተኛ የማይቀመስ ነው። ስለዚህ የኛ እንጀራ ሁለት እጅ የስንዴ፣ አንድ እጅ የማሽላ ዱቄት ሲሆን፣ ጤፍ የተገኘ እንደ ሆነ ለመዓዛው ያህል እፍኝ ይጣልበታል። ማሽላው በሳዑዲ ደቡብ ምዕራብ በጂዛን አውራጃ የሚበቅል ነው። ስንዴ ብቻውን ሲሆን እንጀራው እንደ ጎማ ይለጠጣል፤ ማሽላ ብቻውን ሲሆን ይሰባበራል፤ ሁለቱ ሲደባለቁና አብሲት ሲጣልበት ግን ዓይን ያወጣል፣ ይታጠፋል። በሀገራችን ደጋ እስከ ሦስት ቀን የሚቆየው ሊጥ፣ የበጋው ሙቀት ከ45 ዲግሪ በሚበልጥበት በሪያድ ባንድ ሌሊት ይቦካል፤ የዘነጋውም ሰው ሆምጣጤ የሆነ ሊጥ ይጠብቀዋል። ስለዚህ በበጋ ሊጡ እንደ ቦካ ወደ ማቀዝቀዣ ይገባል፤ ጧት በኤሌክትሪክ ምጣድ ይጋገራል፤ ለአንድ ሰው ሁለት እንጀራ ይበቃል።

ወደ ወጡ ስንመለስ፣ ለአሥር ሰው አንድ ኪሎ ምስር ክክ፣ ሁለት ኪሎ ቀይ ሽንኩርት፣ አንድ የሻይ ብርጭቆ በርበሬ፣ ሁለት ራስ ነጭ ሽንኩርት፣ አውራ ጣት የሚያህል ዝንጅብል፣ ከግማሽ ሊትር ያነሰ ዘይት ይበቃል። ሽንኩርቱ ደቅቆ ተከትፎ ያለ ዘይት፣ በለዘበ እሳት፣ ውኃው እስኪመጥና መልኩ እስኪጠቁር ድረስ ይቁላላል፤ ይህም አንድ ሰዓት ያህል ትዕግሥት ይጠይቃል። ዘይቱ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው፤ ከዘይቱ ቀጥሎ በርበሬው፣ እንዳያርም ጠብ ጠብ በሚል ውኃ እየታሸ ይበስላል፤ ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ ተከትለው ይገባሉ፤ ታጥቦ የተዘፈዘፈው ምስር በፍል ውኃ የሚጨመረው በመጨረሻ ነው። ጨውና መከለሻው ድስቱ ሊወጣ ሲል ይደረጋል። የርካሽ ወጥ ምሥጢሩ ይህ ነው፤ ቅባት የጎደለውን ጊዜ ይሞላዋል፤ ጊዜ ደግሞ በዓርብ ቀን ስደተኛውም ባለጸጋ የሚሆንበት ብቸኛው ገንዘብ ነው። ከሽንኩርቱ ቆጥቦ ዘይት ያበዛ ሰው ብዙ አውጥቶ ቀጭን ወጥ ያቀርባል፤ ሽንኩርቱን አብዝቶ የታገሠ ግን አንዱ ኪሎ ምስር ለአሥር ሰው በቅቶ ለቅዳሜ ጧት ፍርፍር የሚሆን ይተርፈዋል። በጎኑ ድንች፣ ካሮትና ጥቅል ጎመን በእርድ ተቀቅሎ አልጫ ሲሆን፣ ከአምሳው ሪያል ላይ ለስኳርና ለቡና የሚሆን ይተርፋል።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን የሃይማኖቱ ጉዳይ ነው። በሀገራችን ልማድ ክርስቲያኑ እስላሙ ያረደውን፣ እስላሙም ክርስቲያኑ ያረደውን ሥጋ እንደማይበላ የታወቀ ነው፤ በሰርግና በተዝካርም ለጎረቤት ለብቻ ይታረዳል፣ ለብቻ ይሠራል። በሪያድ የሚሸጠው ሥጋ ሁሉ በእስልምና ሥርዓት የታረደ ነው፤ ስለዚህ ከክርስቲያኖቹ አንዳንዱ ተገድጃለሁ ብሎ ሲበላ፣ አንዳንዱ በሩዝና በአትክልት ዓመታት ይገፋል። ቤተ ክርስቲያን በሌለበት ከተማ ደወልም ቅዳሴም የማይሰማ ምእመን፣ ከሃይማኖቱ ሥርዓት በእጁ የቀረችው ጾሙ ናትና፣ ረቡዕንና ዓርብን አጥብቆ ይይዛል። ስለዚህ የምስሩ ድስት የሚጣድበት ዕለተ ዓርብ ለአንዱ የጁምዓ፣ ለሌላው የጾም ቀን ሆኖ ሲገኝ፣ አስቀድሞ ለርካሽነቱ የተመረጠው ወጥ ማንንም የማያስነሣ ማዕድ ሆነ። ከወሎ የመጡ አንድ ሽማግሌ፣ በእድሜያቸው ምክንያት ሁላችን ሐጂ የምንላቸው፣ አዲስ የመጣ ልጅ እበላለሁ አልበላም ብሎ ሲያመነታ ባዩ ጊዜ፣ «ቅረብ ልጄ፣ ምስርን ማን አረደው ተብሎ አይጠየቅም» አሉት። ልጁም ስቆ ተቀመጠ።

በመጋቢት 2 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ ዐቢይ ጾምና ረመዳን ባንድ ቀን ገቡ። በዚያ ወራት ክርስቲያኖቹ ከሥራ ሲመለሱ ጾማቸውን ለመፍታት የመግሪቡን አዛን ከእስላሞቹ ጋር ይጠብቁ ነበር፤ ቴምሩና ሳምቡሳው ከአንድ ወገን፣ የምስር ወጡ ከሌላው ወገን እየቀረበ ማዕዱ አንድ ሆነ። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ615 ገደማ የነቢዩ መሐመድ ተከታዮች ከመካ ተሰድደው በአክሱም ንጉሥ ዘንድ መጠጊያ ማግኘታቸውን ሐጂ ሳይተርኩልን የሚያልፉበት ጊዜ የለም፤ «ያኔ እነርሱ ወደኛ፣ ዛሬ እኛ ወደነርሱ» ይሉና ለጎረቤቱ የመናዊ ቤተ ሰብ አንድ ሳሕን ወጥ ያስልካሉ።

ሲበላም ሥርዓት አለው። እንደ ሀገሩ ልማድ ሱፍራ የሚባለው ስስ ላስቲክ በወለሉ ላይ ይነጠፋል፤ በላዩ ሰፊ ትሪ ይቀመጣል። ሐጂ ቢስሚላህ ሲሉ፣ ሌላው በልቡ አቡነ ዘበሰማያት ይላል፤ ሁለቱም አሜን ይባባላሉ። የመጀመሪያው ጉርሻ በሰው ቤት ስታገለግል ሳምንቱን ብቻዋን በማጀት ለበላች እኅት ይሰጣል፤ በሌላ ሰው እጅ ከጎረሰች ሳምንት ሆኗታልና።

ከዚህ ሁሉ ሐተታ በኋላ የምናገረው አንድ ምክር አለኝ፤ እርሱም የሚመለከተው ልጆቻቸውን ወደ ባዕድ ሀገር የሚልኩትን ወላጆች ነው። በሀገራችን ወንድ ልጅ ወደ ማጀት ሲገባ እንደ ነውር ይቈጠርበታል፤ እዚህ የመጣ ወንድ ግን ሊጥ ማቡካትን ከጓደኞቹ እየተሳቀበት በብዙ ኪሳራ ይማራል፤ ያልተማረውም ደመወዙን ለምግብ ቤት እየከፈለ ወይም በደረቅ ቂጣ እየዋለ ጤናውን ያጣል። ሴት ልጅም ብትሆን ቢያንስ ስለ ደመወዟና ስለ ዕረፍት ቀኗ በውሏ ላይ በግልጽ ሳይጻፍላት አትሂድ፤ ዓርብ የሌላት ሠራተኛ ከወገኗ ማዕድ የተለየች ናት። እንግዲህ እናቶች ሆይ፣ ለልጃችሁ በሻንጣው በርበሬ ስትቋጥሩለት፣ ሽንኩርት ማቁላላትንና አብሲት መጣልን ጨምራችሁ አስተምሩት፤ ወንድ ነው ብላችሁ አትተዉት። ሥራ ቢያጣ እንኳ ወጥ የሚያውቅ ሰው በመንፉሓ ጦሙን አያድርም።