ለሞታችን እድር አለን፤ ለሕመማችንስ?

 

የአዲስ አበባ ሰው ሲሞት ብቻውን አይሞትም። ጥሩምባ ይነፋል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ጎረቤት ሥራውን ትቶ ይመጣል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በየወሩ ለእድሩ የሚያዋጣት ብር በዚያች ቀን ፍሬዋን ታሳያለች። ያው ሰው ግን ከመሞቱ በፊት ወራት ሙሉ አልጋ ላይ ሲገላበጥ ወጪውን የተሸከመው ብቻውን ነበር። አንዳንድ እድሮች ለታመመ አባል ጥቂት ብር መስጠታቸው አይካድም። አብዛኛው ደንብ ግን የተጻፈው ለቀብር ነው።

ይህን ነገር አጥብቄ እንዳስብበት ያደረገኝ የገዛ ሕመሜ ነው። የምኖረው በየካ ክፍለ ከተማ፣ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ እንጦጦ በሚወጣው ዳገት ሥር ሲሆን ሥራዬም ሕፃናትን ቁርአን ማስቀራት ነው። ባለፈው ዓመት ከረመዷን በኋላ በቀኝ በኩል ከጎድን አጥንቴ በታች የሚጀምር ሕመም ወደ ጀርባዬ እየዞረ ከትከሻዬ ሥር ይወጋኝ ጀመር። ሲነሣብኝ ከሩኩዕ ቀና ማለት ያቅተኛል። ሌሊቱን ሲያስጨንቀኝ አድሮ በማግስቱ ምንም እንዳልነበረ ይተወኛል።

በአገራችን የሆድ ሕመም ሁሉ «ጨጓራ»፣ የጀርባ ሕመም ሁሉ «ኩላሊት» ይባላል። እኔ ሁለቱም ስለነበሩብኝ ከፊሉ ጎረቤት ጨጓራ፣ ከፊሉ ኩላሊት፣ ከፊሉ ደግሞ ዐይን ነው አለኝ። ተልባውንም ጥቁር አዝሙዱንም ጠጣሁ። ወንድሞቼ ሩቅያ ቀሩብኝ። ቀልቤ ተረጋጋ፤ አልሐምዱሊላህ። ሕመሙ ግን ተመልሶ መጣ።

ወደ አንድ የግል ክሊኒክ ሄድሁ። ደም ሰጠሁ፤ ታይፎይድ ነው ተብዬ መርፌ ተወጋሁ። ሁለተኛው ክሊኒክ የጨጓራ ባክቴሪያ ነው አለኝ። ሦስተኛው የፊተኞቹን ወረቀት ሳያይ ካርድ አስወጥቶ ምርመራውን እንደ አዲስ ጀመረ። የታዘዘልኝን መድኃኒት ግማሹን ገዝቼ ግማሹን ለሚቀጥለው ወር አሳደርሁት። ከሦስተኛው ክሊኒክ ስወጣ ለልጆቼ ትምህርት ቤት የያዝሁት ብር አልቆ ነበር። ስለ ሕመሜም ከመጀመሪያው ቀን የበለጠ የማውቀው ነገር አልነበረም። ድሃን የሚጎዳው ይህ ነው። ገንዘቡ በጥቂት በጥቂቱ በየበሩ ያልቅና ወደ ትክክለኛው በር ሲደርስ ኪሱ ባዶ ይሆናል።

ከቤታችን በታች አንዲት እናት ይኖራሉ። ዕድሜያቸውን ያሳለፉት ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው ተሸክመው በማውረድ ነው። ተራራው ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። በ2013 ዓ.ል. የእንጦጦ ፓርክ ከመከፈቱ ብዙ ዓመታት አስቀድሞ ሴቶች ከራሳቸው ክብደት የማይተናነስ ሸክም ይዘው በዚያ ቁልቁለት ሲወርዱ ከተማው ሁሉ ያያቸው ነበር። ጎንበስ ብዬ ስሄድ አይተውኝ፣ «ኡስታዝ፣ የርስዎም ወገብ እንጨት ተሸክሟል እንዴ?» አሉኝ። ነገሬን ስነግራቸው ከመቀነታቸው የጤና መድኅን ደብተራቸውን አውጥተው አሳዩኝ። «ይኼም እድር ነው። የዚህኛው ግን ለቋሚ ነው» አሉ።

ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን በአገራችን የተጀመረው በ2003 ዓ.ል. በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በደቡብና በትግራይ ክልሎች በ13 ወረዳዎች ነው። ኋላም ወደ አዲስ አበባ ደርሷል። የታሰበው ለገበሬውና ደመወዝተኛ ላልሆነው የከተማ ነዋሪ ነው። ቤተሰብ በቤተሰብ ይመዘገባል፤ መዋጮውም በዓመት አንድ ጊዜ ይከፈላል። መክፈል ለማይችሉ ድሆች መንግሥት ይከፍልላቸዋል። አባሉ ሲታመም መጀመሪያ ወደ ጤና ጣቢያው ይሄዳል፤ ካስፈለገም በሪፈር ወረቀት ወደ ሆስፒታል ይላካል።

እኔ ግን መታወቂያዬ የወሎ ስለነበረ የወረዳው ነዋሪ ለመሆን መሸኛ ያስፈልገኝ ነበር። መሸኛው እስኪመጣ የዚያ ዓመት ምዝገባ ተዘጋ። በተከራዩት ቤት የሚኖሩ ብዙ ወንድሞችና እኅቶች በዚህ ሁኔታ ላይ ናቸው።

ሆኖም የእኚያን እናት ምክር ተቀብዬ፣ ከኪሴ እየከፈልሁም ቢሆን፣ በጤና ጣቢያው በኩል ሄድሁ። የመረመረችኝ ጤና መኮንን ከሁሉ በፊት ያደረገችው መጠየቅ ነበር። መቼ ይነሣል? ምን ሲበሉ? ወደየት ይሄዳል? ቅባት ከበላሁ በኋላ እንደሚብስ ስነግራት በሪፈር ወደ መንግሥት ሆስፒታል ላከችኝ። በአልትራሳውንድ የሐሞት ጠጠር ታየ። ጠጠሩ የሐሞት መውጫውን ሲዘጋ ሕመሙ ከሆድ ተነሥቶ ወደ ጀርባና ወደ ቀኝ ትከሻ ይዘልቃል፤ ጠጠሩ ሲንሸራተት ይለቃል። ተሰወረብን ያልነው ነገር ግልጽ ምክንያት ነበረው። አሁን መሸኛው መጥቶልኝ ተመዝግቤያለሁ። ደብተሬንም ይዤ የቀዶ ሕክምና ተራዬን እጠብቃለሁ።

እዚህ ላይ ከጀማዓው ሁለት ጥያቄ ይነሣል። አንደኛው፣ ሕክምና መፈለግ ተወኩልን አያጎድልምን? የሚል ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ታከሙ ብለው አዘዋል፤ ግመሉን ሳያስር በአላህ እመካለሁ ያለውንም ሰው መጀመሪያ እንዲያስር አስተምረውታል። በ1992 እ.ኤ.አ. የእስልምና ጉባኤ ድርጅት የፊቅህ አካዳሚ መታከም በመሠረቱ የተፈቀደ መሆኑን፣ መተዉ ለሞት ወይም ለአካል መጉደል የሚዳርግ ሲሆን ግን ግዴታ እንደሚሆን ወስኗል።

ሁለተኛው፣ መድኅን ሐራም አይደለምን? የሚል ነው። ይኸው አካዳሚ በ1985 እ.ኤ.አ. ለትርፍ የቆመውን የንግድ ኢንሹራንስ ከልክሎ በመረዳዳት ላይ የተመሠረተውን ፈቅዷል። ጎረቤት ከጎረቤት አዋጥቶ የታመመውን ማሳከም ለሁለተኛው የቀረበ ይመስለኛል። ዝርዝር ፍርዱን ለዑለሞቻችን እተዋለሁ።

ለሙስሊሙ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። የግብጹ የታሪክ ሰው አል-መቅሪዚ እንደዘገበው ቀላውን ገና አሚር ሳለ በደማስቆ ብርቱ የሆድ ቁርጠት ያዘው። ኑረዲን ካሠራው ሆስፒታል በመጣ መድኃኒትም ዳነ። አላህ ሥልጣን ቢሰጠው እንዲህ ያለ ሆስፒታል እንደሚሠራ ተሳለ። ሱልጣን ሲሆን በ1284 እ.ኤ.አ. በካይሮ ሠራው። ለማስተዳደሪያውም ብዙ ንብረት ወቅፍ አደረገለት። ሀብታምና ድሃ፣ ወንድና ሴት ያለ ክፍያ ታከሙበት። የአንድ ሰው የሆድ ሕመም ለትውልድ ሶደቀቱል ጃሪያ ሆነ።

እኛ ሱልጣን አይደለንም። ሆኖም የየመስጂዱ ኮሚቴ ምዝገባው ሲከፈት ከጁሙዓ ሶላት በኋላ ቢያሳውቅ፣ መሸኛ የጎደለውን ቢረዳ፣ ዑለሞችን ጠይቆ ከዘካና ከሶደቃ ለችግረኛ ቤተሰብ መዋጮውን ቢከፍል ብዙ ቤት ይድናል።

ለታመመው ወገኔም አንድ ቃል አለኝ። ከሆድና ከጀርባ ሕመም ጋር ትኩሳትና የዐይን ቢጫ መሆን፣ ደም ማስመለስ፣ የሰገራ መጥቆር፣ ወይም የእግር መዛልና ሽንት አልወጣ ማለት ከመጣ አንድ ቀን አትደር። ክብደትህ ከቀነሰ፣ ሌሊት ካላበህና ጀርባህ ሳያቋርጥ ካመመህ የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ይችላልና ተመርመር። የቲቢ መድኃኒት በመንግሥት ጤና ተቋም በነፃ ይሰጣል። የተሰጠህን ወረቀት ሁሉ አትጣል፤ ለሚቀጥለው ሐኪም አሳየው።

እኚያ እናት ግን የወገባቸውን ሕመም እስካሁን አልታዩም። ሰውም ራሳቸውም «የእንጨቱ ነው» ብለው ትተውታል። ደብተሩ በመቀነታቸው አለ። ባለቤቴ በመጪው ሰኞ ጤና ጣቢያ ይዛቸው ልትሄድ ተቀጣጥረዋል።

አላህ (ሱ.ወ.) ለታመሙት ሁሉ ሽፋእ ይስጥልን፤ ጤነኞችንም የታመመውን የምንጠይቅ ያድርገን። አሚን።