የጀግና ልብስ ለብሶ እንጀራ የሚፈልግ ሰው

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ የዓባይን በረሃ ተሻግሮ፣ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚጓዝ መንገደኛ ደምበጫንና ጅጋን ካለፈ በኋላ ፍኖተ ሰላም ይደርሳል። ፍኖተ ሰላም የምዕራብ ጎጃም ዞን ዋና ከተማ ናት። ስሟ ግእዝ ነው፤ ትርጓሜውም የሰላም መንገድ ማለት ነው። ቀድሞ ወጀት ትባል እንደ ነበረና አዲሱን ስም ያወጡላት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እንደ ሆኑ የአገሩ ሽማግሌዎች ይናገራሉ። ከዚያ ወደ ምዕራብ ሲሉ ማንኩሳ ትገኛለች። ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» የተባለውን መጽሐፋቸውን ከእርሷ ስለ ጀመሩ፣ በዓይናቸው ያላዩዋት አንባቢዎች እንኳ እንደ ትውልድ መንደራቸው ያውቋታል። ጥቂት እልፍ ሲሉ ቡሬ ነው። በዚያም መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ እንጅባራና ወደ ባሕር ዳር ሲያቀና፣ ሁለተኛው ዓባይን እንደ ገና ተሻግሮ ወደ ነቀምት ይወርዳል።

እኔ በዚህ መንገድ ያለፍሁት በ2010 ዓ.ም.፣ ከጥምቀት በዓል በኋላ ነበር። ወሩ ጥር ስለ ሆነ አዝመራው ተሰብስቦ፣ የጤፉ ጭድ በየአውድማው ተከምሯል። በየደጁ የተሰጣው በርበሬ ከሩቅ ሲያዩት ቀይ ምንጣፍ ይመስላል፤ የቡሬና የአካባቢው በርበሬ በገበያ ስሙ የታወቀ ነውና። አገሩ የጠገበ፣ ሰማዩም የጠራ ነበር። በእንደዚህ ያለ አገር፣ በእንደዚህ ያለ ወር፣ ሰው እንጀራ ፍለጋ የማይገባውን ሰው ልብስ ይለብሳል ብሎ ማን ያስባል?

ለምሳ ቡሬ ላይ ስንቆም፣ ከባሕር ዳር የመጡ የውጭ አገር ጎብኚዎች የጫኑ ሁለት መኪናዎች ከምግብ ቤቱ ግቢ ቆመው አገኘን። በመካከላቸውም አንድ ዕድሜው ወደ ሃምሳ የሚጠጋ ሰው ይንጎራደዳል። በራሱ ላይ የአንበሳ ጎፈር ደፍቷል፤ በትከሻው ላይ ለምድ ጣል አድርጓል፤ በግራው ጋሻ፣ በቀኙ ጦር ይዟል። አጠገቡ የቆመ አንድ ጎልማሳ መሰንቆ ይመታለታል። ባለ ጎፈሩ ጦሩን ሲሰብቅ ጎብኚዎቹ ይስቃሉ፤ ያጨበጭባሉ፤ እየተፈራረቁም ከጎኑ ቆመው ፎቶግራፍ ይነሣሉ። ቀርቤ ስመለከተው ጎፈሩ ቀለም የተነከረ የፍየል ጠጉር ነው፤ የጦሩም ጫፍ በብርማ ቀለም የተቀባ እንጨት ነው።

አሁን የምጽፈው ስለ ራሴ የማፍርበትን ነገር ነው። እኔም እንደ ሌላው ሰው ስልኬን አውጥቼ፣ ሳልጠይቀው፣ ሰላምታም ሳልሰጠው ሥዕሉን አነሣሁና ወደ ምሳዬ ለመሄድ ዞርሁ። ሰውዬው ግን ተከትሎ መጣና በትሕትና፦

«ጌታዬ፣ ጥላዬን ይዘው ሊሄዱ ነው?» አለኝ።

ደንግጬ «ስንት ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። «ልብዎ የፈቀደውን» አለ። አምስት ብር አውጥቼ ሰጠሁት። ከእኔ በፊት አንዲት የውጭ አገር ወጣት ሃምሳ ብር እንደ ሰጠችው አይቼ ነበር። እርሱ አምስቱን ብር በሁለት እጁ ተቀብሎ «እግዜር ይስጥልኝ» ሲለኝ፣ ከኀፍረቴ የተነሣ የምገባበት ጠፋኝ። የጎብኚዎቹ መኪናዎች ከሄዱ በኋላ እርሱንና ባለ መሰንቆውን ምሳ እንዲበሉ ለመንኋቸው። ቀኑ ዓርብ ስለ ነበር ሽሮ ቀረበልንና አብረን ቈረስን።

በምሳው ላይ ነገሩን ሁሉ አጫወተኝ። የሚያርሰው መሬት አንድ ጥማድ ብቻ ነው፤ ከዚያ የሚገኘው እህል ከሰኔ አያልፍም። ሦስት ልጆቹ ይማራሉ፤ የትልቋም የደብተርና የልብስ ወጪ ከፍ እያለ ሄዷል። ስለዚህ አዝመራው ሲያልቅና ጎብኚ ሲበዛ ይህን ልብስ በጆንያ ይዞ ወደ ከተማ ይወጣል፤ አንዳንድ ጊዜም እስከ ባሕር ዳር ይሄዳል። በጥሩ ቀን የዕለት ጉርሱን ሸፍኖ ይተርፈዋል፤ በክፉ ቀን የመኪና ዋጋውንም አያገኝም። «ሰፈርተኛው ያሾፍብኛል። የወረቀት አርበኛ ይሉኛል» አለ።

«ጋሻው ግን እውነተኛ ይመስላል» አልሁት።

«ይህ የገበያ ነው» ብሎ ሣቀ። «የአያቴ ጋሻ ከቤቴ ምሰሶ ላይ ተሰቅሏል። ጠላት በገባ ጊዜ ከአርበኞች ጋራ ዱር ገብቶ፣ ይዞት የተመለሰ ነው። ስንት ጊዜ ሽጥልን ብለው ለመኑኝ፤ አልሸጠውም። ለጎብኚም አላወጣውም። ለእንጀራ የማወጣው ይህንን ነው፤ ያ ግን የልጆቼ ነው።»

አንባቢ ሆይ፣ ይህ ሰው የሚናገርበት ምድር ምን ያየ ምድር እንደ ሆነ እናስታውስ። በ1930 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ በፋሽስት ኢጣልያ ላይ ተነሥቶ፣ ጠላት ከምሽጉ ርቆ እንዳይንቀሳቀስ አስጨነቀው። ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ፣ ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ፣ ልጅ ኃይሉ በለው፣ በላይ ዘለቀና ሌሎችም ብዙዎች በየአውራጃቸው ሕዝቡን መርተዋል። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከሱዳን ድንበሩን ተሻግረው በበላያ በኩል ወደ ጎጃም ገቡ። ከኢትዮጵያውያንና ከሱዳናውያን ወታደሮች የተሰናዳውን ትንሽ ጦር እንግሊዛዊው አዛዥ ዊንጌት «የጌዴዎን ጦር» ብሎ ሰየመው፤ ይኸውም በመጽሐፈ መሳፍንት በሦስት መቶ ሰዎች እልፍ አእላፍ ሠራዊት ያሸነፈውን ጌዴዎንን በማሰብ ነው። ኢጣልያኖች የቡሬን ምሽግ የካቲት 25 ቀን ለቀው ወጡ። ከሁለት ቀን በኋላ ደምበጫ አጠገብ መንገድ ዘግቶ የጠበቃቸው የኢትዮጵያ ሻለቃ ጦር ከባድ ጉዳት ደረሰበት። መጋቢት 28 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ገቡ። እንግዲህ ያ ምሳ የበላንበት ከተማ፣ ያም የተጓዝንበት መንገድ በደም የተዋጀ ነው።

የጀግና ልብስ ለብሶ ከመንገደኛ ሳንቲም መጠበቅ በእኛ አገር ብቻ ያለ ነገር አይደለም። የጎጃም ገበሬ ዱር በገባበት በዚያው በ1930 ዓ.ም. ጄሪ ሲግልና ጆ ሹስተር የሚባሉ ሁለት ወጣቶች የፈጠሩት ሱፐርማን የሚባል ጀግና በአሜሪካ በሥዕል መጽሔት ላይ ታየ። ይህ ጀግና በሰማይ ይበርራል፤ ጥይትም አይበሳውም። ዛሬ በሎስ አንጀለስ ከተማ፣ በሆሊውድ ጎዳና የቻይና ቴአትር በሚባለው ስመ ጥር ሲኒማ ቤት ደጃፍ፣ እርሱንና መሰሎቹን መስለው፣ ካባ ለብሰው፣ ከአላፊ አግዳሚው ጋራ ፎቶግራፍ እየተነሡ በሚያገኙት ጉርሻ የሚኖሩ ሰዎች አሉ። ደመወዝ የሚቈርጥላቸው የለም። በኒውዮርክም ታይምስ ስኩዌር በተባለው አደባባይ እንደ እነርሱ ያሉ ስለ በዙ፣ በ2008 ዓ.ም. የከተማው አስተዳደር የሚቆሙበትን ስፍራ በቀለም ከልሎ ወሰነላቸው። በሆሊውድ ለብዙ ዘመን ሱፐርማንን መስሎ ሲቆም የኖረ አንድ ሰው በመጨረሻ ቤት አጥቶ በጎዳና ይኖር ነበር፤ በ2012 ዓ.ም. ሞተ። ጥይት የማይበሳውን ሰው ሲመስል የኖረውን ሰው ድህነት በሳው።

የእኛው ባለ ጎፈርና የሆሊውዱ ባለ ካባ በችግራቸው ወንድማማቾች ናቸው። የሚለያቸው ግን አንድ ነገር አለ። የሆሊውዱ ሰው የሚመስለው ከቶ ያልኖረውን ጀግና ነው። የቡሬው ሰው የሚመስለው አያቱን ነው።

ይህንም የተረዳሁት ከምሳ በኋላ ነው። ባለ ጎፈሩ፦ «ልብሱን ሁሉም ያየዋል፤ ቃሉን ግን የሚሰማኝ የለም። ከአራት ቃል በላይ ስናገር ሹፌሩ ጥሩምባ ይነፋል» አለኝ። እኔም እስኪፈጽመው ድረስ ለመስማት ቃል ገባሁለት። በዚያን ጊዜ ከመቀመጫው ተነሣ። ጎፈሩን አውልቆ ከወንበሩ ላይ አኖረው፤ ጦሩንም ከግድግዳው አስደገፈ። «ለዚህኛው ልብስ አያስፈልገውም» አለ። ባለ መሰንቆው ቀስ ብሎ ጀመረ፤ እርሱም ከመንደሩ ወጥተው ያልተመለሱትን ሰዎች በስማቸው፣ በአባታቸው ስም፣ በወደቁበትም ወንዝ እየጠራ ሸለለ። የወጥ ቤቷ ሴት እጇን በመቀነቷ እየጠረገች መጥታ ከበሩ ቆመች። ከማዕዘን ተቀምጠው የነበሩ አንዲት አሮጊት አንዱ ስም በተጠራ ጊዜ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን አበሱ። ቅድም ሲስቁ የነበሩት ልጆችም ዝም አሉ።

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ፣ ፋሽስቶች ጠንቋዮችንና በየአገሩ እየዞሩ ተረትና ዜማ የሚያሰሙትን ሰዎች እየያዙ እንዲገድሉ መታዘዛቸው በታሪክ ተጽፏል። መሰንቆ ሰው አይገድልም። ነገር ግን ጠላት፣ የሞተን ጀግና ስም የሚያነሣ ሰው ሌላ ጀግና እንደሚያስነሣ ዐውቆ ነበር። እኛ በአምስት ብር የምንመዝነውን ሰው ጠላት በሞት መዝኖታል።

ከዚያ ጉዞ ወዲህ ብዙ ነገር ተለወጠ። በ2012 ዓ.ም. ወረርሽኝ መጣ፤ በ2013 ዓ.ም. በሰሜን ጦርነት ተነሣ፤ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮም በአማራ ክልል ግጭት ተቀሰቀሰ። በዚያው ዓመት ነሐሴ 7 ቀን በፍኖተ ሰላም ላይ በደረሰው የአየር ድብደባ ከሃያ የሚበልጡ ሰዎች እንደ ሞቱ የሆስፒታሉ ሰዎች ተናገሩ። የሰላም መንገድ የተባለችው ከተማ እንዲህ ያለውን አየች። የጎብኚም መኪና ከዚያ መንገድ ላይ ጠፋ። ጎብኚ ከሌለ ለባለ ጎፈሩና ለባለ መሰንቆው ገበያ የላቸውም። እንጀራ ብቻም አይደለም፤ ሽለላውም ራሱ በአፍ ይከብዳል። በባዕድ ወራሪ ላይ የተባለውን ቃል፣ ወንድም ከወንድሙ ጋራ ሲታኰስ ማን በደስታ ይለዋል?

እኔ በዚያ ግቢ ውስጥ ስለ እንጨቱ ጦር በልቤ ስቄ ነበር። ዛሬ ግን ሌላ ነገር አስባለሁ። ሰው የእንጨት ጦር ይዞ እንጀራ የሚያገኝበት ዘመን የሰላም ዘመን ነው። እውነተኛው ጦር ከምሰሶው ሳይወርድ፣ የአያት ጋሻም ለልጅ ልጅ ማስተማሪያ ሆኖ ተሰቅሎ ሲኖር ነው የእንጨቱ ጦር የሚያስቀው።

ስለዚህ እናትና አባት ሆናችሁ ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ በዓድዋ በዓል በየካቲት 23፣ ወይም በባህል ቤት፣ ወይም በመንገድ ላይ የጀግና ልብስ የለበሰ ሰው ስታገኙ፣ አስቀድማችሁ ሰላምታ ስጡት። ሥዕሉን ከማንሣታችሁ በፊት ፈቃዱን ጠይቁ። ዋጋውንም እንደ ምጽዋት ሳይሆን እንደ ሠራተኛ ደመወዝ ክፈሉት። ከሁሉም በላይ ቃሉን እስኪፈጽም ታገሡት፤ ልጆቻችሁም «የማን ልብስ ነው? የት ተዋጋ? በስንት ዓመተ ምሕረት?» ብለው እንዲጠይቁት አድርጉ። መልሱን ካወቀ ተምራችኋል፤ ካላወቀም ጥያቄው ወደ ሽማግሌዎች ይመልሰዋል።

እኔ ከቡሬ ስንነሣ ለባለ ጎፈሩ የሚገባውን ከፍዬ፣ ያነሣሁትን ሥዕል ላጠፋው ፈቃዱን ጠየቅሁት። እርሱ ግን «አያጥፉት» አለ፤ ጎፈሩን እንደ ገና በራሱ ላይ እየደፋ። «አሁንማ ስሙንም ይዘው ነው የሚሄዱ።»