ከጥርሱ ሥር የነበረው

ከሃያ ዓመት በፊት አራት የላይ የፊት ጥርሶቼን በመኪና አደጋ ባጣሁ ጊዜ፣ የጎደለኝ ጥርስ ብቻ መስሎኝ ነበር። የሚወለቅ ሰው ሠራሽ ጥርስ ተሠራልኝ፤ እርሱን አጥልቄ ወደ መድረክ ተመለስሁ። ተዋናይ የሚኖረው በአፉ ነውና፣ የእኔም አፍ ከነጎዶሎው ለብዙ ዓመታት አበላኝ።

ይሁን እንጂ ያ ጥርስ ከዓመት ዓመት ይላላ ጀመር። ጥፋቱን በሠሪው ላይ እየጣልሁ ሁለት ጊዜ አስቀየርሁት። በመጨረሻም አንድ ምሽት፣ ልጁን የቀበረ አባት ሆኜ ስጫወት፣ «ፍርድ» ከሚለው ቃል ስደርስ ጥርሱ ከድዴ ተላቆ ምላሴ ላይ ወደቀ። የ«ፈ» ድምፅ የላይኛው ጥርስ የታችኛውን ከንፈር ካልነካ አይወለድም፤ ከአፌ የወጣው ነፋስ ብቻ ነበር። ተመልካቹ ሳቀ። በልቅሶ መካከል በሚስቅ ሕዝብ ፊት መቆም ምን እንደሆነ የቆመ ያውቀዋል።

ሐኪሙ ራጁን ሲያሳየኝ ያጣሁት ሌላም ነገር መሆኑ ገባኝ። ጥርስ የተተከለበት አጥንት የሚኖረው ለጥርሱ ነው፤ በማኘክ ኃይል ይታደሳል፤ ጥርሱ ሲሄድ ግን ሥራ እንደ ፈታ ሰው ይመነምናል፣ ይልቁንም በመጀመሪያው ዓመት። የሚወለቀው ጥርስ ድዱን ከላይ ይጫነዋል እንጂ አጥንቱን አያሠራውም። የእኔው እንደ ቢላዋ ስለት ቀጥኖ ነበር። ወዲያው የእናቴ ፊት ትዝ አለኝ፤ ጉንጯ ጎድጉዶ አገጯ ወደ አፍንጫዋ የቀረበው በዕድሜ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ስዊድናዊው ብሮኔማርክ እ.ኤ.አ. በ1952 በጥንቸል እግር አጥንት ውስጥ ያኖረው ታይታኒየም ከአጥንቱ ጋር ተዋሕዶ አልነቀል እንዳለው፣ በ1965ም በዚሁ ብረት ለመጀመሪያው ታካሚ ጥርስ እንደ ተከለ ሐኪሙ አወጋኝ። ነገር ግን ብረቱን የሚይዘው አጥንት ነውና፣ አስቀድሞ አጥንቱ መመለስ ነበረበት።

ከታችኛው መንጋጋዬ ኋላ ትንሽ አጥንት ተቆርጦ በጥቃቅን ብሎን ከቀጠነው ጋር ታሠረ፤ ክፍተቱ ከከብት አጥንት በተዘጋጀ ደቃቅ ጥራጥሬ ተሞላ፤ በላዩም ስስ ሽፋን ተደርጎ ድዱ ተሰፋ። ከዚያ በፊት ግን ሽፋኑ ከምን እንስሳ እንደሆነ ጠይቄ ነበር፤ ከአሳማ የሚሠራም እንዳለ ሰምቻለሁና። ሐኪሙ አልሳቀብኝም፤ ማሸጊያውን አንብቦ ከከብት የተሠራ አመጣልኝ። በእኛ አገር ይህ ታካሚው ሳይጠይቅ ሊነገረው የሚገባ ይመስለኛል።

የከብቱ አጥንት በራሱ ሕይወት የለውም። እንደ ግንበኛ ርብራብ ነው፤ የገዛ ሰውነቴ በእርሱ ላይ እየተንጠላጠለ አዲስ አጥንት ይሠራል። ለዚህም ስድስት ወር ተቀጥሬያለሁ። ሲጋራ የደም ሥርን እያጠበበ ሥራውን ያበላሻል ስለ ተባልሁ፣ የሠላሳ ዓመት ወዳጄን በአንድ ቀን ጣልሁት፤ ከቢላዋው ይልቅ ያመመኝ ይህ ነው።

አሁን አራተኛው ወር ነው። የሚወለቀው ጥርስ ቁስሉን እንዳይጫን ተከልክያለሁ፤ አዘጋጁም ንግግር የሌለው የዘበኛ ሚና ሰጥቶኛል። ሌሊት ቤተሰቡ ሲተኛ ግን ያንን የአባት ንግግር ከመጀመሪያው እጀምራለሁ። «ፍርድ» ላይ ስደርስ በጥርሱ ፈንታ ጣቴን ከንፈሬ ላይ አኖራለሁ።