«አንተማ ጨርሰሃል»

ሰሞኑን ስለ ኳስ ስትጽፉ አያለሁና እኔም የሆዴን ልበል።

ወደ ቢቸና ከመዛወሬ በፊት ሞጣ ሳስተምር አንድ ግራ እግር ልጅ ነበረኝ። የሞጣ ተማሪዎቼ ታውቁታላችሁ፣ ስም አልጠራም። በክፍል ለክፍል ውድድር የሚያቆመው አልነበረም። «አንተማ ጨርሰሃል» አልኩት። ታኬታ ተዋስንለት፣ የትራንስፖርት አዋጣንና ለሙከራ ላክነው። በአራተኛው ቀን ተመለሰ።

«ቲቸር፣ የሐዋሳና የአርባ ምንጭ ልጆች ኳስ ሳይደርሳቸው ዞረው ያያሉ። እኔ ስቶፕ አድርጌ ቀና ስል ሁለት ሰው ላዬ ላይ ነው።»

ወዲያው ገባኝ። የኛ ሜዳ ጠጠር ነው። ኳስ ወዴት እንደምትነጥር ስለማይታወቅ ልጁ ዓይኑን ከሷ አይነቅልም። ሣሩ የሚበቅለው በክረምት፣ ያውም ትምህርት ቤት ሲዘጋ! ወደ ደቡብ ደግሞ እዩ፦ ሐዋሳ ከተማ፣ ሲዳማ ቡና፣ አርባ ምንጭ ከተማ፣ ወላይታ ድቻ፣ ሀዲያ ሆሳዕና። ሁሉም ፕሪሚየር ሊግ የተጫወቱ ናቸው። የከተማው ልጅ ከክፍል ወጥቶ የክለብ ልምምድ በእግሩ ሄዶ ያያል። እኛም በ2013 ፋሲል ከነማ ዋንጫ ሲወስድ ጨፍረናል፤ ግን ከሞጣ ጎንደር ማን ተመላልሶ ይለማመዳል?

ሜዳውን ብቻ አልወቅስም። «ጨርሰሃል» ያልኩት እኔ ነኝ፤ ከሞጣ ልጆች ሌላ ከማን ጋር አስተያይቼው?

አሁን ባጃጅ ይነዳል። ባለፈው ሞጣ ስሄድ እዚያው ጠጠር ላይ ሕፃናት ሲያለማምድ አገኘሁት። እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ ጣቶቹን ይቀያይራል፤ እነሱ ኳስ እየገፉ «ሦስት! አምስት! ሁለት!» ይላሉ።