ለውሻም ቢሆን ቁም

ደብረ ብርሃን
ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፣

እናትህ በሶና ቆሎ፣ እህትህ ጋቢ ሲያስይዙህ እኔ የማስይዝህ ይህችን ወረቀት ነው። በቃል ብነግርህ አንተ ለመሄድ ትቸኩላለህ፣ እኔም ነገሩን ወደ ጨዋታ እመልሰዋለሁ። ባሌ ሮቤ ገብተህ፣ ቤት ተከራይተህ አረፍ ስትል አንብባት።

መንጃ ፈቃድህን ይዘህ የራስህን እንጀራ ልትበላ መነሳትህ ደስ ብሎኛል። ስለ ፍሪሲዮንና ስለ ካምቢዮ አልመክርህም፤ የዘንድሮን መኪና ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ። እኔ ያረጀሁት ኤንትሬ የጭነት መኪና ይዤ አሰብ ስመላለስ ነው። ልነግርህ የፈለግሁት ስለ ቦቢ ነው። በዚያ ውሻ ሞት ቤታችን የገባው ሐዘን ለሹፌር የሚሆን ትምህርት አለውና።

ያን ጊዜ ትንሽ ልጅ ነበርክ። እናትህ ስኳር ግዛ ብላ ላከችህ፤ ቦቢም እንደ ልማዱ ተከተለህ። ሱቁ ከመንገዱ ማዶ ነው፤ መንገዱ ደግሞ ከተማችንን ሰንጥቆ ወደ ደሴ የሚያልፈው አውራ ጎዳና ነው። አንተ ተሻገርክ፣ እሱ ቀረ፤ ከማዶ ሲያይህ ሮጠ። የጭነት መኪናው ገጭቶት አለፈ። እኔ ስደርስ ሰው ተሰብስቧል። ቦቢ በጎኑ ተኝቷል፤ እናትህ ከአሮጌ ሻሽ ቀዳ ያሰረችለት ቀይ ጨርቅ አንገቱ ላይ እንዳለ ነው፤ ደም የሚታየው አፍንጫው ጫፍ ላይ ብቻ ነበር። አንተ የስኳሩን ፌስታል በሁለት እጅህ ደረትህ ላይ አጥብቀህ ቆመሃል። አላለቀስክም። “አባዬ፣ ይተነፍሳል እኮ” አልከኝ። አይተነፍስም ነበር፤ ፀጉሩን የሚያነሳሳው የአገራችን ነፋስ ነው።

በማዳበሪያ ጠቅልዬ ወደ ቤት ስወስደው ከመንገድ ዳር “ውሻ እኮ ነው!” የሚል ሰማን። ማታ ቡና ላይ የመጡ ጎረቤቶችም “ተመስገን በሉ፣ ለሰው የመጣውን ነው የወሰደው” አሉን። ይህ አባባል ከክፋት የመጣ እንዳይመስልህ። በሬው የሞተበት ገበሬ፣ ላሟ የሞተችባት እናት ሲጽናኑበት የኖሩት ቃል ነው፤ ለእናትህም በዚያ ማታ ጠቅሟታል። ለአንተ ግን አልሆነም። አንተ ያጣኸው ራሱን ቦቢን ነውና በዚህ ቃል እንዴት ትጽናና? ከትምህርት ቤት ስትመለስ አጥር ሥር የሚጠብቅህ እሱ ነበር።

ለሰው ሞት ወግ አለን። እድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ንፍሮ ይቀቀላል፣ ሰልስት ይወጣል፣ አርባ ይወጣል፤ ሐዘንተኛውም ቀስ በቀስ ከሰው ይቀላቀላል። ለውሻ ይህ ሁሉ የለም፤ ይኑር ብዬም አልሟገትም። ነገር ግን ወግ የሌለው ሐዘን መውጫ አጥቶ ቤት ውስጥ ይከርማል። እናትህ ከዚያ በኋላ ብዙ ማታ ከትሪው የተረፈውን አጥንትና ፍርፋሪ ለብቻ ስታስቀምጥ፣ ከዚያ ትዝ ሲላት ስትደፋው አይቻለሁ። አንተ ደግሞ በዋናው መንገድ ላለመሄድ በወንዙ በኩል ዞረህ ትምህርት ቤት ትገባ ነበር፤ ማርፈድህን መምህሩ ነው የነገረን። ማንም ምን ሆናችሁ ብሎ አልጠየቀንም፤ እኛም አልተናገርንም። ጓሮ ባሕር ዛፉ ሥር የቀበርነው ለዚህ ነበር፤ ቢያንስ አንድ ነገር ተደረገለት ለማለት።

ስለዚህ አንደኛው ምክሬ ይህ ነው፤ ለእንስሳ ማዘንህን አትፈርበት። ወንድ ልጅ ለውሻ አያለቅስም የሚልህ ሰው ቢገጥምህ ክርክር አትግጠም፤ ግን አትመነው። ሌላ ሰው በከብቱ፣ በድመቱ፣ በፈረሱ ሲያዝን ብታይም “እንኳን ሰው አልሆነ” ለማለት አትቸኩል። መጀመሪያ “ስሙ ማን ነበር?” ብለህ ጠይቅ። ከዚያ እሱ ራሱ ያወራልሃል።

ሁለተኛው ስለዚያ ሹፌር ነው። ብዙ ጊዜ ስትረግመው ሰምቼሃለሁ። በመግጨቱ አልፈርድበትም፤ ጭነት የያዘ መኪና እንደ ብስክሌት ባለበት አይቆምም፣ ውሻም ድንገት ነው የሚገባው። ቅር የሚለኝ ከገጨ በኋላ ያለው ነው። ቀጥ አላለም፣ አልወረደም፣ የማን ነው አላለም። ሕዝብ ለጭነት መኪና አልቃይዳ፣ ቀይ ሽብር የሚል ቅጽል ያወጣው ብረቱን ጠልቶ አይደለም፤ ከመሪው ኋላ የተቀመጠውን ፈርቶ ነው። ነገ በዚያ ወንበር የምትቀመጠው አንተ ነህ፤ እርግማንህ ወደ ራስህ እንዳይዞር ተጠንቀቅ።

ረዳት ሳለሁ ጋሼ እያልን የምንጠራቸው ሹፌር ነበሩ። ከአሰብ ጭነን ስንመለስ፣ አጣዬን እንዳለፍን፣ የእረኛ ውሻ ከቁጥቋጦ ወጥቶ ገባብን። እሳቸው ዳር ይዘው ቆሙ። ውሻውን በጆንያ አንስተው ከአስፋልቱ አወጡት፤ ከዚያ እረኛውን ልጅ ጠርተው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ “እኔ ነኝ የገጨሁት፤ አላየሁትም ነበር፣ ይቅር በለኝ” አሉት። ልጁ “ሞቷል?” አለ። “አዎ” አሉት። አጎቱ እስኪመጣ ድረስ ከልጁ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። እኔ ጣርማ በር ሳይመሽብን ለመድረስ ቸኩዬ “ጋሼ፣ ለውሻ ብለን ልናመሽ ነው?” አልኳቸው። መልሳቸውን እስከ ዛሬ ይዤዋለሁ። “ሰው ብገጭ መንግሥት ይጠይቀኛል። ላም ብገጭ ባለቤቷ ካሳዋን ይጠይቀኛል። ለውሻው የሚጠይቅለት የለም። እንግዲህ እዚህ ላይ የምጠየቀው በራሴ ነው” አሉኝ።

ልጄ፣ የዚህ ደብዳቤ ፍሬ ነገር ይኸው ነው። ትራፊክ ፖሊስ ባለበት፣ ባለቤት በሚጮህበት ሁሉም ሹፌር ይቆማል። ማንነትህ የሚለካው ጠያቂ በሌለበት ነው።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ። መኪና በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲሄድ በአንድ ሰከንድ 17 ሜትር ያህል ይጓዛል። እግርህ ፍሬን ላይ እስኪደርስ ብቻ አንድ ሰከንድ ያልፋል። ከዚያ በደረቅ አስፋልት፣ በደህና ፍሬን፣ ትንሽ መኪና እንኳ ለመቆም ሌላ 20 ሜትር ያህል ይፈልጋል። በ30 ስትሄድ ግን ሁሉም ተደምሮ 13 ሜትር ገደማ ነው። ፍጥነትህን እጥፍ ባደረግህ ቁጥር ፍሬን የሚፈጀው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል። ጭነት፣ ዝናብና ቁልቁለት ሲጨመርበትማ አትጠይቀኝ። ስለዚህ መንደር ስትገባ ውሻውን እስክታየው አትጠብቅ፤ አስቀድመህ ቀንስ።

ውሻ ከወጣ ከኋላው ሌላ ውሻ ወይም ልጅ አለ ብለህ ቁጠር። ማታ ዓይኑ በመብራትህ ሲያበራ ካየህ ረጅሙን መብራት ዝቅ አድርግለት፤ ብርሃኑ ያፈዘውና ባለበት ይደርቃል። ክላክስህን ከሩቅ ንካ እንጂ አጠገቡ ደርሰህ አታስደንብረው። ሮቤ ብርድ ነው፤ ጠዋት ሞተር ከማስነሳትህ በፊት ከመኪናው ሥር ጎንበስ ብለህ እይ፤ ድመትም ቡችላም ሙቀት ፍለጋ እዚያ ያድራል።

አንድ ከባድ ነገር ደግሞ አለ። እንስሳ ለማዳን ብለህ በፍጥነት ላይ ሳለህ መሪ አትጠምዝዝ። ሰው ጭነህ ተገልብጠህ ውሻ ብታድን የሚመሰገን ሥራ አይደለም። መሪውን ቀጥ አድርገህ ፍሬን ያዝ፤ ካልቆመልህም ይገጫል። የሰው ነፍስ ትቀድማለች። ይህን ሳልነግርህ ደግ ሁን ብቻ ብልህ አታልልህ ነበር።

ከገጨህ ግን ዳር ይዘህ ቁም፤ ሁለቱንም ፍሬቻ አብራ። በሕይወት ካለ በባዶ እጅህ አትንካው። የቆሰለ ውሻ ጌታውንም ይነክሳል፤ ጋቢም ሆነ ጆንያ ጣል አድርግበት። ቁስል ስላልታየበትም ደህና ነው አትበል፤ በሆዱ ደም ፈስሶት ተነስቶ ሄዶ የሚሞት አለ፤ የእንስሳት ሐኪም በአካባቢው ካለ ይየው። ከነከሰህ ወይም ከቧጨረህ ቁስሉን ለ15 ደቂቃ ያህል በሳሙናና በወራጅ ውሃ እጠብና በዚያው ዕለት ጤና ጣቢያ ሂድ። በእኛ ዘመን ውሻ የነከሰው ሰው አዲስ አበባ ፓስተር ሄዶ ሆዱ ላይ በተከታታይ ይወጋ ነበር፤ አሁን ክትባቱ ቀሏል። ጠበሉንም ጸሎቱንም ከክትባቱ ጋር አድርገው እንጂ በክትባቱ ፋንታ አታድርገው፤ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳኛ የለውም ማለት ይቻላል።

ከሞተ ከአስፋልቱ ላይ አንሳው። ከዚያ የማን እንደሆነ ጠይቅ፤ ሰው ተቆጥቶ ከተሰበሰበ የአካባቢውን ሽማግሌ ይዘህ ግባ። ባለቤቱ ፊት ስትቀርብ “ውሻችሁ መንገድ ገብቶ” ብለህ አትጀምር። “እኔ ነኝ” በል። ልጅ ካለ ለልጁም ንገረው፤ ከሁሉ ይልቅ የሚጠብቅህ እሱ ነው።

የምትሄድበት አገር ደግሞ የተለየ አደራ አለው። ዲንሾ ላይ ጋይሳይ ሜዳ ስትደርስ የደጋ አጋዘን መንገዱን ያቋርጣል። ከጎባ ወደ ደሎ መና ስትላክ ሳነቴን ታልፋለህ፤ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለ ሜዳ ነው፣ መንገዱም ከአፍሪካ ከፍተኛዎቹ አንዱ ነው። እዚያ ፍልፈል እያደነ የሚውለው ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ የቀረው 500 ገደማ ወይም ከዚያም በታች ነው፤ ከግማሽ በላዩም ባሌ ነው ያለው። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል፤ መንገዱ ግን ያው መሐሉን ሰንጥቆ ያልፋል፣ በመኪና የተገጩ ቀበሮዎችም አሉ። ሜዳው ገላጣ ነው፣ እግር ነዳጅ መስጫውን እርገጥ እርገጥ ይለዋል። አትስማው።

ውሻና ቀበሮው በሌላም ነገር ይገናኛሉ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ ከዚያም በ2003 እና በ2008 የእብድ ውሻ በሽታ ከቤት ውሾች ተሻግሮ ቀበሮውን ፈጅቶታል። ሮቤ ስትለምድና ብቸኝነቱ ሲጠናብህ ውሻ ላሳድግ ብትል ደስ ይለኛል፤ ግን አስከትበው፣ አጥርህን ዝጋ፣ አውራ መንገድ ስትወጣ በገመድ ያዘው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም እንስሳህ ከእጅህ አምልጦ ጉዳት ቢያደርስ እንኳ ኃላፊው አንተ ነህ ይላል። ሹፌሩን ብቻ ከመውቀስ በፊት ባለቤቱም የድርሻውን ይወቅ።

ውሻ በቅዱስ መጽሐፍ ብዙ ክብር የለውም። በመጽሐፈ ጦቢት ግን ሽማግሌው አባት ልጁን ጦብያን መክሮ ሩቅ አገር ሲልከው ሁለት ተከታይ አገኘ፤ አንዱ ሰው የመሰለው መልአኩ ሩፋኤል ነው፣ ሌላው ውሻው ነው። ጸሐፊው ውሻው ምን እንደሠራ አልጻፈም፤ መከተሉን ግን ሳይጽፍ አላለፈም።

እኔም እንደዚያ ሽማግሌ መክሬ ልላክህ። የኛን አንገት አታስደፋ፤ ደመወዝህን ለእኛ ለመላክ ብለህ አትራብ፤ ሳትተኛ ያደርክ እንደሆነ ለማንም ይሉኝታ መሪ አትያዝ። መኪናህ ፊት የሚያልፈውን ሁሉ፣ ባለቤት ያለውንም የሌለውንም፣ የአንድ ቤት ነው ብለህ አስበው። ቅዱስ ሩፋኤል ይከተልህ፤ በሄድክበት ሞገስ ይስጥህ፤ በሰላም ያግባህ። እናትህ ስልክህን ትጠብቃለች፤ እንደገባህ ደውል፣ እየነዳህ ግን አትደውል።

ሁልጊዜ የሚወድህ
አባትህ