ባለቤቱ፣ ማልዲኒና እኛ ቲፎዞዎቹ



ከዒሻ በኋላ ዶርም ውስጥ የሚነሳ የኳስ ክርክር መቼ እንደሚያልቅ አይታወቅም። በተለይ አንድ የክለብ ባለቤት ደጋፊው የሚያከብረውን ኃላፊ ሲያሰናብት ክፍሉ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወገን «ገንዘቡ የራሱ ነው፤ ያሻውን ያድርግ» ይላል። ሌላው «ክለቡን ክለብ ያደረገው ሰውዬው ነው፤ እንዴት ይነካል?» ይላል። የአርሴናልና የማንችስተር ጉዳይ ሲሆን ደማችን ቶሎ ይፈላል። ስለዚህ ብዙዎቻችን ከሩቅ የምናየውን ኤሲ ሚላንን መረጥን፤ ባልነደደልን ቡድን ላይ ሚዛን መያዝ ይቀላልና። ከዚህ በታች ያሉት የኳሱ ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፓውሎ ማልዲኒን ለማያውቅ በአጭሩ እንንገር። አባቱ ቼዛሬ ማልዲኒ በ1963 ሚላን የመጀመሪያውን የአውሮፓ ዋንጫ ሲያነሳ አምበል ነበሩ። ልጁ በ1985 በ16 ዓመቱ ለዋናው ቡድን ተሰለፈ፤ በ2009 ጫማውን እስኪሰቅል ድረስም ሌላ ክለብ አላወቀም። 902 ጨዋታ፣ 5 የአውሮፓ ዋንጫ፣ 7 የሴሪ ኤ ዋንጫ። በ2018 በኃላፊነት ወደ ክለቡ ተመለሰ፤ በ2019 ቴክኒካል ዳይሬክተር ሆነ። ቴኦ ሄርናንዴዝ ከሪያል ማድሪድ፣ ራፋኤል ሌያኦና ማይክ ሜኛን ከሊል፣ አልጄሪያዊው ኢስማኤል ቤናስር ከኤምፖሊ የመጡት በእሱ ዘመን ነው። በ2022 ሚላን ከ11 ዓመት በኋላ ስኩዴቶውን አነሳ።

በዚያው ክረምት ክለቡ ተሸጠ። የአሜሪካዊው ጄሪ ካርዲናሌ ኩባንያ ሬድበርድ በ1.2 ቢሊዮን ዩሮ ገዛው። ክለቡ ከእጅ ወደ እጅ በሚሸጋገርበት በዚያ ሰሞን የማልዲኒ ውል የታደሰው ሊያበቃ በነበረበት በመጨረሻው ቀን ነው። ከዚያ በፊት ስለ ውሉ ያነጋገረው ሰው እንደሌለ በአደባባይ ተናግሮ ነበር። ቀጣዩ የውድድር ዓመት ደግሞ ሁለት መልክ ነበረው። ሚላን ከ2007 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሻምፒዮንስ ሊግ ግማሽ ፍጻሜ ደረሰ፤ በኢንተር በድምር ውጤት 3 ለ 0 ተሸንፎ ወጣ። በሊጉ 4ኛ ሆነ፤ ዩቬንቱስ 10 ነጥብ ባይቀነስበት ኖሮ ግን 5ኛ ይሆን ነበር። ከ30 ሚሊዮን ዩሮ በላይ የወጣበት ቻርል ደ ኬተላር በ40 ጨዋታ አንድም ጎል አላገባም። በሰኔ 2023 ማልዲኒና የሥራ ባልደረባው ሪኪ ማሳራ ተሰናበቱ። ክለቡ ያወጣው መግለጫ አጭር ነበር።

ክርክሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ ሁለቱም ወገን የሚይዘው ነገር አለው። ከባለቤቱ ጋር የቆሙት እንዲህ ይላሉ፦ የክለብ የዝውውር ገንዘብ በአንድ ሰው ዓይን ላይ ብቻ መንጠልጠል የለበትም፤ ውሳኔው በመረጃና በቡድን ይሁን፤ ትልቁ ግዢ ሲከሽፍ የሚጠየቅ ሰው መኖር አለበት። ከማልዲኒ ጋር የቆሙት ደግሞ፦ በትንሽ ገንዘብ ዋንጫ ያመጣን ሰው በአንድ ግዢ መመዘን ግፍ ነው፤ ወጣት ተጫዋች ጊዜ ይፈልጋል፤ ሌያኦም የመጣ ቀን እሳት አልነበረም ይላሉ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ብናይም ዳኝነቱ አይቀልልንም። ሚላን ሳንድሮ ቶናሊን ለኒውካስል ሸጦ ክርስቲያን ፑሊሲክንና ቲጃኒ ሬይንደርስን አመጣ፤ በ2024 ሊጉን 2ኛ ሆኖ ጨረሰ። ባለቤቱን የደገፉት «አላልንም?» አሉ። በዓመቱ ሚላን 8ኛ ወጣ፤ «አላልንም?» የማለቱ ተራ የሌሎቹ ሆነ። ያ ጎል አልባ የተባለው ደ ኬተላር ደግሞ በውሰት ወደ አታላንታ ሄዶ በአንድ ዓመት 14 ጎል አገባ፤ ዩሮፓ ሊግንም አነሳ። የውጤት ሰንጠረዥ የአንድን ቀን ውሳኔ ትክክልነት ይፈርድልናል ብሎ የሚጠብቅ ሰው በየዓመቱ ሐሳቡን መቀየር ሊኖርበት ነው።

ለእኛ የሚታየን፣ ክርክሩ የማያልቀው ሦስት ጥያቄዎች ስለሚቀላቀሉ ነው። ባለቤቱ የማሰናበት መብት አለው ወይ? አለው፤ እዚህ ላይ ብዙ ማውራት አያስፈልግም። ውሳኔው ይጠቅማል ወይ? ይህ የግምት ጉዳይ ነው፤ አዋቂዎችም ይለያዩበታል። ሰውየው የተሰናበተበት አኳኋን ፍትሐዊ ነበር ወይ? ይህ ሦስተኛው ነው፤ ከሁሉም ያነሰ የምንከራከርበትም እሱ ነው። ማልዲኒ የራሱን በኩል በሰፊው የተናገረው ከወራት በኋላ በጋዜጣ ነው። በመካከሉ የነበረውን ክፍተት የሞላነው ማን ነን? እኛ ቲፎዞዎቹ። አንዱ ባለቤቱን «ዶላር አምላኪ» ሲል፣ ሌላው ማልዲኒን «በስሙ የሚኖር» አለ። የማንንም ልብ ከፍቶ ያየ ግን የለም።

በመድረሳ ቁጭ ብለን ከሰማናቸው ታሪኮች አንዱ እዚህ ላይ ትዝ ይላል። ሰዕድ ኢብኑ አቢ ወቃስ (ረ.ዐ) የቃዲሲያው አዛዥ፣ በጀነት ከተበሰሩት አሥሩ አንዱ፣ የኩፋ አስተዳዳሪ ነበሩ። ከኩፋ ሰዎች አንዳንዶቹ ሶላታቸውን ሳይቀር አንስተው ለኸሊፋው ለዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ) ከሰሷቸው። ዑመር ሰዕድን ከሹመት አነሱ። ነገር ግን በዚያ አላበቃም። ስለ ክሱ ራሳቸውን ሰዕድን ጠየቁ፤ ከእሳቸው ጋር ወደ ኩፋ ሰው ልከው መስጂድ ለመስጂድ እየዞሩ ስለ እሳቸው እንዲጠይቁ አደረጉ። ከአንድ ሰው በቀር ሁሉም በመልካም አነሷቸው። ኋላም ዑመር ሊሞቱ ሲሉ ቀጣዩን ኸሊፋ እንዲመርጡ ከሰየሟቸው ስድስት ሶሓቦች አንዱ ሰዕድ ሆኑ፤ ያነሷቸው አቅም አንሷቸው ወይም አማና አጉድለው እንዳልሆነም በግልጽ ተናገሩ።

ይህን ታሪክ ከሚላን ጎን ስናስቀምጠው ሶሓቦችን ከኳስ ሰዎች ጋር እያስተካከልን አይደለም። የምንወስደው መለኪያውን ነው። ሹመት የአላህ አደራ እንጂ የማንም ርስት አይደለም፤ ስለዚህ ትልቅ ሰውም ይነሳል። ክብር ግን ከሹመት ጋር አብሮ አይነሳም። ስለዚህ የተነሳው ሰው ይሰማል፤ ነገሩ ይጣራል፤ ያልፈጸመው ነገር በዝምታ እንዳይለጠፍበት አንሺው ራሱ አፉን ሞልቶ ይመሰክርለታል። ኻሊድ ኢብኑል ወሊድም (ረ.ዐ) ከአዛዥነት ሲነሱ በአቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ) ሥር ሆነው መዋጋታቸውን ቀጠሉ። ከአንሺውም ከተነሺውም የሚጠበቅ ነገር አለ ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ስለ ሚላን ብቻ ቢሆን ኖሮ የመጽሔታችንን ገጽ ባልወሰድንበት። በጀመዓችንም የርክክብ ጊዜ ደርሷል። የረመዷንን ኢፍጣር ለሦስት ዓመት የመራ ወንድም አለን። ቴምር በዱቤ የሚሰጠውን ነጋዴ፣ ትልልቅ ድስት የሚያውሱንን የሰፈር እናቶች፣ ፈተና ያለበትን ተማሪ ሳይቀር በስም የሚያውቅ እሱ ነው። አዲሱ ኮሚቴ ደግሞ ገቢና ወጪው ከአንድ ሰው ደብተር ወጥቶ በሦስት ሰው ፊርማ ይሁን ብሏል። ሁለቱም ኸይር ፈላጊ ናቸው። ነገር ግን በየዶርሙ ከወዲሁ «ሊያባርሩት ነው» የሚል ወሬ ተነስቷል። ከዚህ የከፋው ደግሞ «ፊርማ የፈለጉት ያለ ነገር አይደለም» የሚለው ነው። ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር የሦስት ዓመት ልፋትን በሌብነት ጥርጣሬ ታቆሽሻለች፤ ከተነገረች በኋላም ባለቤት የላትም። ማልዲኒ ስለ እሱ የምንለውን አይሰማም። ይህ ወንድም ግን ነገ ሱብሒ ላይ አጠገባችን ይሰለፋል።

ስለዚህ ከርክክቡ በፊት ሦስት ነገር እንጠይቃለን። ኮሚቴው ወንድማችንን አስቀድሞ ቁጭ አድርጎ ይስማው፤ ውሳኔውን ከሌላ ሰው አፍ እንዳይሰማ። ለውጡ ለምን እንዳስፈለገ፣ በእሱም ላይ አንዳች ጥርጣሬ እንደሌለ ለጀመዓው በሙሉ በአንድ ቀን፣ በአንድ አንደበት ይነገር። ወንድማችንም የነጋዴውን ስልክና የድስቶቹን ዝርዝር ይዞ አዲሶቹን ያስተዋውቅ፤ ኢፍጣሩ የእሱም የኮሚቴውም አይደለም፣ የጿሚው ነው።

እኛስ? ክርክሩን አንተውም፤ መተውም አይጠበቅብንም። መብትን፣ ጥቅምንና አያያዝን ለያይተን እንነጋገር፤ ኒያን ግን ለባለቤቱ ለአላህ እንተው። ይህን በኳስ ላይ ከለመድነው፣ በወንድማችን ላይ ማድረጉ አይከብደንም።

አላህ ስንሾምም ስንነሳም ፍትሕን የማንለቅ፣ በወደድነውም ባልወደድነውም ላይ ምላሳችንን የምንጠብቅ ያድርገን። አሚን።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።